«ባለቤቴ ሥራ የላትም» ብዬ ስላተምኩበት ወረቀት

ለክቡር አቶ ዩሳ
የሺራኩራ ከተማ የግብር ቢሮ ኃላፊ
ሺራኩራ

ጉዳዩ፦ የገዛ ቃሌን ውሸት ነው ብለው እንዲያምኑልኝ ስለመለመን

ክቡር ሆይ፤

የበረዶው ጊዜ ተገባዶ የግብር ማስታወቂያው ጊዜ በገባበት በዚህ ሰሞን እርስዎ፣ የተከበሩት ባለቤትዎና ከጠዋት እስከ ማታ ወረቀት ሲያገላብጡ የሚውሉት ትጉሃን ሠራተኞችዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ቀኝ እጅዎ ደኅና ይሆን ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ፤ ሰው ስለ ቀኝ እጁ የሚያስበው ካጣው በኋላ መሆኑን በቅርቡ ተረድቻለሁና። እኔ ከጉልበቴና ከይሉኝታዬ በስተቀር ደኅና ነኝ።

ራሴን ላስተዋውቅ። ስሜ ኩራሞቺ ቶኩጂ ነው፤ ዕድሜዬ ስልሳ ስድስት፣ ሥራዬ ማኅተም ቀራጭ። ይህን ደብዳቤ እስከ ታች ላነበበ ሰው ደግሞ ማኅተም ቀራጭ ነኝ ባይ። ከባቡር ጣቢያው ወደ ወንዙ በሚወርደው የገበያ መንገድ፣ ከቶፉ፣ ከአኩሪ አተር አይብ ሻጩ ቀጥሎ ያለችው ጠባብ ሱቅ የእኔ ናት። በሯ ላይ «በእጅ የተቀረጸ ማኅተም፤ ሦስተኛ ትውልድ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳው አይዋሽም፤ ማኅተሙ በእጅ የተቀረጸ ነው። የማን እጅ እንደሆነ ብቻ አይናገርም።

ይህን ደብዳቤ በገበያ መንገዳችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩትና ለከተማችን ጋዜጣ የሰጠሁት እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ። ልመናዬን በመስኮትዎ በኩል ሦስት ጊዜ አስገብቼ ሦስቱንም ጊዜ በጨዋ ደንብ ስለተመለሰልኝ ነው። ደግሞም እዚህ የሚያፍር ሰው ካለ፣ አንብበው ሲጨርሱ እንደሚያዩት፣ እርስዎ ተራዎ ሁለተኛ ነው።

አቤቱታዎቼን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ። ረቂቁን ስጀምር ሰባት ነበሩ፤ ሰባቱም በእርስዎ ቢሮ ላይ። ንጹሑን ስገለብጥ ግን አንድ በአንድ እየተነሱ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩና ሦስቱን ከነጭራሹ ሰረዝኳቸው። የቀሩት አራት ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ቁመናቸው ብዙ አያስተማምንም።

ከዚያ በፊት ግን ስለ መድኑ ሁለት ቃል ልበል። የገበያ መንገዳችን ነጋዴዎች ማኅበር ለአባሎቹ በጋራ የገባው የአካል ጉዳት መድን አለ። የሱቁን ባለቤትና በሱቁ የሚሠሩ የቤተሰብ አባላትን ይሸፍናል። በሕመም ወይም በስብራት መሥራት ያቃተው ሰው እስኪድን ድረስ ከገቢው አብዛኛውን በየወሩ ያገኛል። እኔም በመድኑ ቅጽ ላይ ሁለት ሰው አስመዝግቤያለሁ፤ ራሴንና ባለቤቴን ሚሳኦን። በእሷ ስም አጠገብ «ማኅተም ቀራጭ» ብዬ ጻፍኩ። በየዓመቱ ለእርስዎ በማስገባው የግብር ማስታወቂያ ላይ ደግሞ ያችኑ ሚሳኦን «ሥራ የሌላት የትዳር ጓደኛ» አልኩና የሚስት ቅናሹን ተጠቀምኩ። ሁለቱን ወረቀቶች በሁለት መሳቢያ አስቀመጥኳቸው፤ እርስ በርሳቸው እንዳይተያዩ።

አንደኛ። ለማለስለሻ ማሽኔ የምከፍለው የእሳት መድን ከገቢዬ ላይ የሚቀነስ የሥራ ወጪ ነው። ለገዛ እጄ የምከፍለው የአካል ጉዳት መድን ግን የሥራ ወጪ አይደለም። ይህን የነገረችኝ በመስኮት ቁጥር ሦስት የምትቀመጠው ትሑቷ ወይዘሪት ናሺዳ ስትሆን ነገሩ የሆነውም ያለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ነው። እኔ የመድኑን መዋጮ ለዓመታት በቀዩ ቀለምና በብርጭቆ ወረቀቱ መካከል ሸጉጬ ከወጪ ጋር ስደምረው ኖሬያለሁ። ጣቷን እዚያ መስመር ላይ አሳረፈችና፣

«አቶ ኩራሞቺ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰውነትዎ እኮ የሱቁ ዕቃ አይደለም» አለችኝ።

«እንዴ፣ ያለ እኔ ሰውነት ሱቁ ይሠራል?»

«ለቅጥር ሠራተኛ ቢሆን ወጪ ነው። ባለቤቱ ግን የራሱ ሠራተኛ አይባልም። ደግነቱ፣ ቢጎዱ የሚከፈልዎትን ገንዘብ ግብር አይነካውም።»

አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሠራተኛ እንዳልነበርኩ በዚያች ጠዋት በማወቄ ለቢሮዎ ያለኝ ምስጋና ወሰን የለውም። ማለስለሻ ማሽኔን ከዚያ ወዲህ በአክብሮት ነው የማያት፤ በሕግ ፊት ከእኔ ትበልጣለች። የደንቡ ደግነትም አልጠፋኝም፤ ተጠቃሚ ለመሆን የሚጠበቅብኝ መሰበር ብቻ ነው። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ነገሩ ፍትሐዊ መሆኑ ገባኝ፤ ስከፍል ካልተቀነሰልኝ ስቀበል አይነካብኝም። ስለዚህ ይህ አቤቱታ ቁጥሩን እንደያዘ ይቆይ እንጂ ከሳሽ የለውም።

ሁለተኛ። ወይዘሪት ናሺዳ በዚያው ጠዋት ጣቷን አላነሳችም። መዋጮው የሁለት ሰው መሆኑን አየች።

«ሁለተኛዋ ሰው ማን ናቸው?»

«ባለቤቴ ናት።»

«እርሳቸው በሱቁ ይሠራሉ? የሚሠሩ ከሆነ የሚስት ቅናሹ ይቀራል፤ ያለፉት ዓመታትም መታየታቸው አይቀርም። የማይሠሩ ከሆነ ደግሞ ይህን ወጪ እሰርዘዋለሁ። የትኛው ነው?»

ክቡር ሆይ፣ ልጅቷ የጠየቀችኝ አንድ ቀላል ጥያቄ ነበር። ከኋላዬ የፀጉር አስተካካዩና የዓሣ ነጋዴው ተሰልፈው ነበር፤ ሁለቱም ጆሯቸውን አቁመዋል። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ሚሳኦ? ምኑን ትሠራለች! ሻይ ነው የምታፈላልኝ» አልኩ። ይህንኑ በጽሑፍ እንዳረጋግጥ ወረቀት ሰጠችኝ። «ባለቤቴ ኩራሞቺ ሚሳኦ በሱቄ ውስጥ ምንም ዓይነት ሥራ የላትም» ብዬ ጻፍኩና በፊርማ ፋንታ ማኅተሜን አተምኩበት። ቀለሙ አልፈሰሰም፣ ጠርዙ አልደበዘዘም፣ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። በሕይወቴ እንዲያ ያማረ ማኅተም አትሜ አላውቅም። በዚህ ያተረፍኩት በዓመት ለሁለት ሰው አራት ጊዜ ደኅና ምሳ የሚያበላ ገንዘብ ሲሆን፣ ምሳውንም አልበላነውም።

አሁን እውነቱን በሕዝብ ፊት ልናገር። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወዲህ ከሱቄ የወጣውን ማኅተም ሁሉ የቀረጸችው ሚሳኦ ናት። የእኔ ቀኝ እጅ በአርባ ሰባት ዓመቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ የማይድን ግን የማይገድል ነገር ነው አለኝ፤ ለሌላ ሰው መጽናኛ ይሆን ነበር። የአንድ ደንበኛ ስም ላይ አንዲት መስመር ሳትኩ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያም በአንድ ሳምንት ውስጥ ማኅተም የሚቀረጽበት አምስት የጎሽ ቀንድ አበላሸሁ። ሚሳኦ ስድስተኛውን ከእጄ ወሰደች። ሃያ ዓመት ያህል ስታየኝ ኖራ ኖሮ፣ ከእኔ አሳምራ ቀረጸችው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሁለት ቀን አኮረፍኩ።

ከዚያ ወዲህ ሥራችን እንዲህ ሆነ። እሷ ከመጋረጃው ጀርባ በጓዳው መብራት ትቀርጻለች። እኔ በመስኮቱ በኩል መንገደኛ በሚያየኝ ቦታ ተቀምጬ፣ ማጉያ መነጽር ዓይኔ ላይ ደቅኜ፣ ያለቀለት ማኅተም ላይ መቅረጫ ይዤ እጠብቃለሁ። ደንበኛ በሩን ሲከፍት የሌለ ብናኝ እፍ እላለሁ። እጄ ከተንቀጠቀጠ መቅረጫውን አስቀምጬ አንገቴን እያሸሁ፣ «ይህቺ ሥራ ዓይን ትጨርሳለች» እላለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እፍ ብያለሁ፤ ለዚህ ትንፋሽ መድን ቢኖር ኖሮ የምገባው እሱን ነበር። ሚስቱ የምትቀርጽለትን ሰው ማን ማኅተም ቀራጭ ይለዋል ብዬ ስለፈራሁ ነው ያደረግኩት። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ።

ሦስተኛ። ታኅሣሥ ላይ፣ በረዶው ቀን ቀልጦ ሌሊት በጠነከረበት ማግስት፣ ሚሳኦ የሱቁን ደጃፍ ልትጠርግ ወጥታ ደረጃው ላይ ወደቀች። ቀኝ አንጓዋ በሁለት ቦታ ተሰበረ፤ አውራ ጣቷን የሚያንቀሳቅሰው ጅማትም ተበጠሰ። ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ቅጽ ይዛ መጣች። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ ጠይቃ «ሥራ?» ስትል፣ ሚሳኦ እጇን በግራ እጇ ደግፋ፣ ፊቷ እንደ ወረቀት ነጥቶ፣ «ማኅተም ቀራጭ» አለች። እኔም የነርሷ ብዕር ወረቀቱን ሳይነካ፣ «የቤት እመቤት ናት፤ የቤት እመቤት ብለሽ ጻፊ» አልኩ።

ማንም አልጠየቀኝም። የግብር ቢሮ በዚያ አልነበረም። አንደበቴ ለምዶት በራሱ ነው የወጣው። ሚሳኦ ዞር ብላ አየችኝ። ጄሶው ታሰረላት፣ ታክሲው መጣ፣ ቤት ገባን። ጫማዋን አውልቄላት ምንጣፉ ላይ ስትቀመጥ፣ «እንግዲህ ይኸን ሁሉ ዓመት ወገቤን የሚያመኝ ሥራ ፈትቼ ነው» አለች። ከሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳራችን ውስጥ መልሼ ልኖረው የማልፈልገው ቀን ቢኖር እሱ ነው።

በሳምንቱ የማኅበራችንን መድን የሚከታተለው አቶ ፉናኮሺ መንደሪን በከረጢት ይዞ ሊጠይቀን መጣ። አብሮ አደጌ ስለሆነ ቢሮክራሲ አያውቅም። ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ሄጄ፣ በመጨረሻ ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን ነገር ስናዘዝለት መንደሪኑን ልጦ ጨርሶ አንዱን ፍልቃቂ አፉ ሊያስገባ ነበር። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«አንተ ቶኩጂ! እጅህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እየተንቀጠቀጠ አንድም ቀን ክፍያ ሳትጠይቅ መዋጮ ስትከፍል ኖርክ? የመድን ድርጅቱ ሐውልት ሊያቆምልህ ይገባል እኮ!»

«አሁን ብጠይቅስ?»

«ሦስት ዓመት ካለፈ አይታይም። ያንተን ተወው፤ ተቀብሯል።» ከዚያ ወደ ሚሳኦ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የእርስዎ ግን ምንም ችግር የለውም፣ እመቤቴ። ስምዎ ተመዝግቧል፣ መዋጮው ተከፍሏል። በሱቁ ይሠሩ እንደነበር ከግብር ቢሮ አንዲት ወረቀት ብቻ ይምጣ፤ እስኪድኑ ድረስ በየወሩ ይከፈልዎታል። ቀላል ነው።»

ሚሳኦ እኔን አየችኝ። እኔ መንደሪኑን አየሁ።

ለራሴ ፍትሕ ለማድረግ ያህል፣ የሠራሁት ነገር ሲደመር ይኸው ነው፦ መሥራት ላቆመ እጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መድን ከፈልኩ፤ የሚሠራውን እጅ ደግሞ በመድን ሸፍኜው ሳበቃ «አይሠራም» ብዬ አተምኩበት። በሺራኩራ ከተማ ከእኔ የበለጠ ብልጥ ነጋዴ ካለ ላገኘውና አብሬው ላለቅስ እወዳለሁ።

አራተኛ። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስህተቴን ላርም ብዬ ለመንኩ። ወይዘሪት ናሺዳ መዝገቤን በሁለት እጇ ይዛ መጥታ ወደ እኔ አዙራ ከፈተችው።

«ይህ ማኅተም የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«በጣም ጥርት ብሎ ነው የታተመው።»

«አመሰግናለሁ» አልኩ፤ የሥራ ልማድ ሆኖብኝ።

ያለፉትን ዓመታት የሚስት ቅናሽ መልሼ ልክፈል ስል ደንቡ የሚፈቅደው አምስት ዓመት ወደ ኋላ ብቻ መሆኑ ተነገረኝ። አምስቱን ዓመት በዚያው ከሰዓት ከነቅጣቱ ከፈልኩ፤ ደረሰኙም በፈገግታ ተሰጠኝ። ስለ ፈጣን አገልግሎታችሁ ማመስገን ይገባኛል። ከዚያ ቀጥዬ «እንግዲህ ሠራተኛ ባትሆን ኖሮ ይህን ገንዘብ ባልተቀበላችሁኝ ነበርና፣ ሠርታለች የሚለውን ወረቀት ስጡኝ» አልኩ። ገንዘቡን የተቀበለው መስኮትና ምክንያቱን የሚቀበለው መስኮት የተለያዩ መሆናቸውን ያወቅኩት ያኔ ነው። ሁለተኛው መስኮት ማስረጃ ይፈልጋል።

ማስረጃ አቀረብኩ። ሚሳኦ ስሞቹን ከመቅረጿ በፊት እንደ መስታወት ምስል ገልብጣ የነደፈችባቸውን ደብተሮች በእቅፌ ይዤ መጣሁ፤ ቀን ስላልተጻፈባቸው ተመለሱ። የቶፉ ሻጩን አቶ ሙካይን ምስክር እንዲሆነኝ ለመንኩት፤ ምስጢሬን ስነግረው የሚደነቅ መስሎኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር። እሱ ግን እጁን በሽርጡ እየጠረገ፣ «እመቤት ሚሳኦ እንደምትቀርጽማ ማን የማያውቅ አለ? ገና ጠዋት ስነሳ በጓዳችሁ መስኮት አያታለሁ። አንተ እንዳታፍር ብለን ነው እኮ መንገዱ በሙሉ ዝም ያልነው» አለኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በዚህ ከተማ ውስጥ ነገሩን የማታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ፤ እናንተም የማታውቁት እኔ ተጨንቄ ተጠብቤ ስላሳወቅኋችሁ ነው። የአቶ ሙካይን ቃል ቢሮዎ የጎረቤት ወሬ ነው ብሎ መልሶታል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በእርስዎ ስም የተጻፈው መልስ ደረሰኝ፦ «የተጠቀሱት የትዳር ጓደኛ በሱቁ ሥራ መሰማራታቸውን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ስላልቀረበ፣ አመልካቹ ቀደም ሲል በማኅተማቸው ያረጋገጡት ቃል እንደጸና ይቆያል።» በሕይወት ዘመኔ ከተናገርኩት ሁሉ መንግሥት አምኖ የተቀበለኝ ይህን አንድ ውሸት ብቻ መሆኑ ሳያኮራኝ አልቀረም።

አሁን የምለው ነገር ቀልድ የለበትም፤ ስለዚህ ቁጥርም አልሰጠሁትም።

ሐኪሙ የሚሳኦ ጅማት በመጋቢት መጨረሻ እንደገና መሰፋት እንዳለበት፣ እስከ ሐምሌም መቅረጫ መንካት እንደሌለባት ነግሮናል። ከዚያ በፊት ከያዘች አውራ ጣቷ አይመለስም። ለሕክምናው የሚሸፍንልን አለ፤ የማይሸፈነው የምንበላው ነው። ከተማችን እንደሚያውቀው ደግሞ፣ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ተመራቂዎች በየዓመቱ በስማቸው የተቀረጸ ማኅተም ከወላጆች ማኅበር ይሰጣቸዋል። የዘንድሮው ትእዛዝ መቶ አሥራ ሁለት ነው። ሚሳኦ ከመውደቋ በፊት አርባውን ጨርሳለች። ሰባ ሁለቱ በጓዳው ጠረጴዛ ላይ ስም ተነድፎባቸው ተደርድረዋል።

ከትናንት በስቲያ ጠዋት ከገበያ ስመለስ ጓዳው ውስጥ ናት። መቅረጫውን በጄሶው ጫፍ ከሚወጡት ጣቶቿ ጋር በጨርቅ አስራዋለች። ጥርሷን ነክሳ አንዲት መስመር ስትስብ ደረስኩ። እንጨቱ ላይ ላብ ጠብ ብሎ ነበር፤ ወይ እንባ ይሆናል፣ አልጠየቅኳትም። ትእዛዙን ጣቢያው አጠገብ ላለው የማሽን ሱቅ እንስጠው ብዬ ለመንኳት።

«ከዚያ ወዲያ ማን ወደኛ ይመጣል? እስከ ሐምሌስ ምን እንበላለን፣ ያንተን እፍታ?»

«ከግብር ቢሮ ወረቀቱ ይመጣል።»

«እስኪመጣ ድረስ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? እሱንማ አንተ አትመህበታል፤ ሥራ የላትም ብለህ።»

መቅረጫውን ከእጇ ፈታሁት። ፈራሁ፣ ክቡር ሆይ። የፈራሁት ስለ ሱቁ አይደለም። ይህች ሴት የእኔን እጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተሸክማ ኖራ፣ የራሷን እጅ የምታጣበትን መንገድ በገዛ እጄ እንደጠረግኩላት ስለገባኝ ነው። መቅረጫዎቹን ሁሉ በጨርቅ ጠቅልዬ አቶ ሙካይ ዘንድ በአደራ አስቀምጫለሁ። ግን እሷ ሚሳኦ ናት፤ ሄዳ ብትጠይቀው አይከለክላትም።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። ቅናሹን መልሳችሁ ወስዳችኋል፣ ቅጣቱን ተቀብላችኋል፤ ከፈለጋችሁ ደግሞ ሐሰተኛ ብላችሁ ክሰሱኝ፣ ስሜን በቢሮው በር ላይ ለጥፉት፣ በሱቄ ሰሌዳ ላይ ያለውን «ሦስተኛ ትውልድ» ራሴ ወጥቼ እፍቃለሁ። ብቻ ያችን አንዲት ወረቀት ስጧት፦ ኩራሞቺ ሚሳኦ ማኅተም ቀራጭ ናት፤ ትሠራ ነበር። ከእኔ ቃል ይልቅ ማኅተሜን ማመናችሁን አልወቅስም፤ አሁን ግን ሁለቱም ተስማምተው መጥተዋል።

ክቡር ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ስህተቴን ከእኔ በተሻለ ጥንቃቄ ጠብቀው ስላቆዩልኝ፣ ለማሽኔም ስላሳዩት የማያቋርጥ አክብሮት ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ የተቀመጡበት ወንበር እንዳይጎረብጥዎ፣ የያዙት ብዕርም እንዳያደክምዎ በመመኘት፣ ግንባሬን እስከ መስኮትዎ ጠርዝ ዝቅ አድርጌ እሰናበታለሁ።

ኩራሞቺ ቶኩጂ
የኩራሞቺ ማኅተም ቤት በር ከፋች

ግልባጭ፦
ለገበያ መንገዱ ነጋዴዎች ማኅበር፤
ለአቶ ፉናኮሺ፣ ከባዶው የመንደሪን ከረጢት ጋር፤
ለወይዘሪት ናሺዳ፣ በመስኮት ቁጥር ሦስት፣ ትክክለኛውን ጥያቄ ስለጠየቀች፤
ለወይዘሮ ኩራሞቺ ሚሳኦ፣ ማኅተም ቀራጭ፤ በእጅ የሚሰጥ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማስረጃ አልቀረበም ባሉበት ደብዳቤ ግርጌ፣ ከስምዎ አጠገብ፣ አንድ ትንሽ ክብ ቀይ ማኅተም አትመውበታል። እባክዎ ማጉያ አስመጥተው በግራ በኩል ጠርዙን ይመልከቱት፤ ከፀጉር የቀጠነች አንዲት ስንጥቅ ያገኛሉ። የዛሬ ሦስት ዓመት ሚያዝያ፣ ወደ ከተማችን ተሾመው በመጡ በሳምንትዎ፣ ከእኛ ሱቅ ያሠሩት ነው። የጎሽ ቀንድ ነበር፤ ሚሳኦ ያን ሰሞን ትኩሳት ላይ ሆና ነበር የቀረጸችው። እርስዎ ስንጥቋን አይተው «ሥራው ጉድለት አለበት» ብለው ቅናሽ ጠየቁ፤ እኔም ቀነስኩልዎ። ያን ቀን፣ ክቡር ሆይ፣ ሥራ መሆኑን ሁለታችንም አልተጠራጠርንም ነበር።